ከጎሚስታው በላይ ያለው ሆቴል

ኢፖህ
ፌብሩዋሪ 27 ቀን 1996

ለተወደድሽው እህቴ ለዩስማኒያር፣

ከሁሉ አስቀድሜ የአላህ ሰላምና እዝነት በአንቺም በቤትሽም ላይ ይውረድ እያልኩ ከባሕሩ ማዶ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። እንደምን ከርመሻል? ጾሙ እንዴት ነበር? ዒዱስ እንዴት አለፈ? እኔ፣ ባለቤቴ ዛቤዳና ልጆቹ በጣም ደኅና ነን። ምግብ ቤቱም አላህ ይመስገን ሰው አያጣም። የእናታችንን ረንዳንግ የኢፖህ ሰው ተሰልፎ ይበላዋል። ያንቺን ያህል ሥጋውን ከኮኮናቱ ጋር አድርቆ የሚያወጣ ግን እስካሁን አልቀጠርኩም፤ ዛቤዳ ይህን እንዳትሰማ።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልግባ። ደስ የሚል ወሬ ይዤልሻለሁ። በጁን መጨረሻ ትምህርት ቤት ሲዘጋ አንቺንና ትንሿን ልጅሽን ኤልፊን ታሲክ ኢንታን ልወስዳችሁ ቆርጫለሁ። መዝናኛውን ታውቂዋለሽ፣ ሥዕሉን ልኬላችሁ ነበር፤ ድሮ ቆርቆሮ ይቆፈርበት የነበረው ሐይቅ ዳር ያለው ነው።

ዋናው ነገር ማደሪያው ነው። ከበሩ ውጭ ያደረ ሰው ጠዋት ተሰልፎ ፀሐይ ይጠብሰዋል። እኩለ ቀን ላይ ልጁ ሲደክምበት የሚያሳርፍበት ቦታ የለውም፤ ማታ ደግሞ ልጁን ትከሻው ላይ አስተኝቶ ይወጣል። ውስጥ ያደረ ግን የራሱ መግቢያ አለው። ሌላው ሳይገባ ገብቶ ሰው አሳፍሮ ወደ ላይ የሚዞረው ትልቁ መንኮራኩር ላይ ይወጣል፤ ሲደክመው ሄዶ ጋደም ይላል፤ ማታ መብራቱን ከአልጋው ላይ ሆኖ ያያል። እኔ የያዝኩላችሁ ውስጡን ነው። ሦስተኛ ፎቅ፣ ከሐይቁ ፊት ለፊት። እንዲህ ያለ ክፍል ዝም ብሎ አይገኝም፤ ካለፈው ዓመት ጀምሮ ወረፋ ይዤ ነበር።

የኤልፊን ቁመት ለክተሽ ላኪልኝ። አጭር ልጅ የማያስገቡባቸው ጨዋታዎች አሉ። ፓስፖርታችሁንም አሁኑኑ ጀምሩ። ከዱማይ መርከብ ተሳፍራችሁ ማላካ ስትደርሱ ወደቡ ላይ ቆሜ ታገኙኛላችሁ።

ያለፈውን እያነሳን ልባችንን አናድማው። ለትንሿ ስንል እንሳቅ። ሻይ ቤት ለሚጠይቁኝ ሁሉ ሰላምታዬን አድርሺ፤ የት እንደምታርፉም ንገሪልኝ።

ወንድምሽ ቡስታሚ


ፓያኩምቡህ
ማርች 24 ቀን 1996

ለታላቅ ወንድሜ ለጋሼ ቡስታሚ፣

የአላህ ሰላም ከእርስዎ፣ ከእትዬ ዛቤዳና ከልጆችዎ ጋር ይሁን። እኛ በሕይወት አለን።

ደብዳቤዎ ደርሶኛል። መልሱ የዘገየው በራሴ እጅ ስለምጽፍ ነው። ትምህርቴን ያቋረጥኩት ገና ልጅ ሆኜ እንደሆነ ያውቃሉ። አንድ መስመር ጽፌ ወደ ሩዙ ማሳ እወርዳለሁ፤ ተመልሼ ሌላ መስመር እጽፋለሁ። ስሕተት ካለው ይለፉኝ።

ኤልፊ የጻፉትን ሰምታ ለክፍሏ ልጆች ሁሉ ነገረች። ቁመቷን በበራፉ ምሰሶ ላይ ለካሁ። እዚያ ምሰሶ ላይ ሌላ ምልክትም አለ። ኤልፊ ዘንድሮ ደረሰችበት። በሜትር ስንት እንደሚሆን አላውቅም፤ የለካሁበትን ክር በፖስታው ውስጥ አድርጌዋለሁ።

አንድ ጥያቄ አለኝ። ከመዝናኛው በር ፊት ለፊት፣ አውቶቡስ ማቆሚያው አጠገብ፣ ከጎሚስታው በላይ ያለችው አረንጓዴ በር ያላት ሆቴል አሁንም ክፍት ናት? ባለቤቷ ማዳም ጎህ የምትባል ቻይናዊት ናት ብለው ነግረውን ነበር። ክፍት ከሆነች እዚያ ይያዙልን። እዚያ ከሆነ እንመጣለን። ውስጥ ከሆነ አንመጣም።

ሰላምታዎን ሻይ ቤት አላደረስኩም። እኔ ወደዚያ አልሄድም።

እህትዎ ዩስማኒያር


ኢፖህ
ኤፕሪል 5 ቀን 1996

ለውድ እህቴ፣

ሰላምና ጤና ለቤትሽ ይብዛ። ኒያር፣ ምን ነካሽ? ደብዳቤሽን ለዛቤዳ ሳነብላት «ጎሚስታ ላይ? እንዴ! ሆቴሉን አላየችውማ፣ ምን ታድርግ» አለች። እኔም ያሰብኩት ይህንኑ ነው። ስላላየሽው እኔ ልንገርሽ።

ደረጃው አንድ ሰው ሲወርድ ሌላው ቆሞ የሚጠብቅበት ነው። ግድግዳው ስስ ከመሆኑ የተነሣ የጎረቤት ክፍል ሰው ሲያስነጥስ ይማርህ ትያለሽ። ከታች ቀኑን ሙሉ ጎማ ይነፋል፣ መዶሻ ይወርዳል። መታጠቢያው በጋራ ነው። ማዳም ጎህን ሰው ሁሉ ደግ ናት ይላል፤ እኔም ክፉ ናት አልልም። ግን ድስቷ ውስጥ ምን እንደሚገባ እኔም አንቺም እናውቃለን። አሳማ በተቀቀለበት ዕቃ ልትበዪ ነው?

ለበሩ ቅርብ ነው፣ አልክድም። መንገዱን መሻገር ብቻ ነው። ግን ቅርብ መሆን ምን ያደርጋል? ሰው ምን ይላል?

ባለፈው ሳምንት ሀጂ ናስሩን የሚባለው የሰፈራችን ሰው ልጁን ሊጠይቅ መጥቶ ምግብ ቤቴ ገባ። ገና እጁን ሳይታጠብ፣ «የኒያር ልጅ አጎቷ ዘንድ ልትመጣ ነው አሉ። የት ልታሳርፋት ነው?» አለኝ።

«ውስጥ ነዋ! ሦስተኛ ፎቅ» አልኩት።

«ውስጥ? የሐይቁ በኩል?»

«ታዲያ የመኪና ማቆሚያው በኩል መሰለዎት?»

«ማሻአላህ! አጎት ማለት እንዲህ ነው» ብሎ ጀርባዬን መታ መታ አደረገኝ። እንደ ሰማሁት ሄዶ ለአገር አውርቷል። አሁን እናንተን ጎሚስታ ላይ አሳድሬ በዚያ ሻይ ቤት መሳቂያ ልሁን? «ቡስታሚ በሰው አገር ይህን ሁሉ ዓመት ምን ሲሠራ ኖረ?» ይባልልኝ?

ክሩን በሜትር ለካሁት። ኤልፊ ለሁሉም ጨዋታ ትደርሳለች፤ ከአንዱ በቀር። እሱም ሰውን ዘቅዝቆ የሚይዝ ነው፣ ቢቀርባት ይሻላል።

ነገሩን በዚህ እንዝጋው። በእኛ ሥርዓት በእህት ልጅ ጉዳይ የመጨረሻው ቃል የአጎት ነው። አባቷም ያውቀዋል፣ አንቺም ታውቂዋለሽ። ቃሌ ውስጥ ነው። ክፍሉን አልለቅም።

ወንድምሽ ቡስታሚ


ፓያኩምቡህ
ኤፕሪል 16 ቀን 1996

ቡስታሚ፣

ሰላም ላንተ ይሁን። ጋሼ ብዬ ጽፌ ነበር። ከላይ ተሰርዞ የምታየው እሱ ነው።

ይህን ደብዳቤ በአንድ ቀን ጨረስኩት። ንዴት እጅ ያፈጥናል ለካ።

ሰው ምን ይላል አልከኝ። እኔ ደግሞ አንተ ያልከውን ላስታውስህ። ባለፈው ዓመት በፌብሩዋሪ ልጄ ዊርዳ እንዳመማት ከዚህ ቤት ተጽፎልህ ነበር። ልቧ መሆኑ ተጽፎልህ ነበር። የላክኸውን የመዝናኛ ሥዕል ትራሷ ሥር አድርጋ፣ እያወጣች እያየች፣ ወረቀቱ እጥፋቱ ላይ ተቀደደ። በሩዝ ሙጫ አጣበቀችው። ማታ ማታ ከኤልፊ ጋር ይጣሉበት ነበር።

«መስኮቱ ጋ ያለው አልጋ የኔ ነው» ትላለች ኤልፊ።

«የሚወስደን የማን አጎት ነው?»

«የኔም አጎት ነው!»

«የኔ ቀድሞ ነው። እሱ አጎቴ ሲሆን አንቺ ገና ሩዝ ውስጥ ትል ነበርሽ።»

«እማ! ትል አለችኝ!»

እንዲህ እያሉ ይተኛሉ። አልጋው ያለው አንተ ጋ ነው፣ ጥሉ ግን እኔ ቤት ነበር።

ያን ጊዜ ምን ብለህ መለስክ? ውስጡ ሆቴል እስከ ዲሴምበር ሙሉ ነው አልክ። ውጭ መንገዱን ተሻግሮ የማዳም ጎህ ሆቴል አለ፣ ክፍልም አለ፣ ግን ጎሚስታ ላይ ነው አልክ። እኛም እሱ ይበቃናል አልንህ። ለበሩ ቅርብ ከሆነ ሌላ አንፈልግም፣ ሲደክማት ተሻግራ ትተኛለች፣ በዚህ ወር እንምጣ ብለን ጻፍንልህ። የመለስከውን እንደ ዱዓ በቃሌ አውቀዋለሁ። «የእህቴ ልጅ ጎሚስታ ላይ አትተኛም። ዲሴምበር፣ ውስጥ።» ይኸው ነበር። ሰላምታ እንኳ አልነበረውም።

ዊርዳ ኦገስት ላይ ሞተች። ዲሴምበር ያለ እሷ መጣ፣ ያለ እሷ ሄደ።

ለቀብሯ አልደረስክም፤ መርከቡ አልነበረም፣ ይሁን። መቶኛው ቀን መታሰቢያዋ ላይ ግን የሚታረድ ጎሽ ላክህ። ቀንዱ በበሩ አልገባ ብሎ አጥሩን ያፈረሱለት ጎሽ። ሰፈሩ ሁሉ በላ፣ ሰፈሩ ሁሉ አንተን አመሰገነ። ሀጂ ናስሩን የበላበትን እጁን እየላሰ፣ «አጎት ይሉሃል ይኼ ነው» ሲል ከማድ ቤት ሰማሁት። እኔ ሳህን እያጠብኩ ነበር። ዊርዳ ጎሽ ጠይቃህ አታውቅም። የጠየቀችህ አልጋ ነው።

አሁን ክፍል አገኘህ። ሦስተኛ ፎቅ፣ ከሐይቁ ፊት ለፊት። ሲደክመው ጋደም ይላል ብለህ ጻፍክልኝ። ማን ነው የሚደክመው? ኤልፊ ቀኑን ሙሉ ብትሮጥ አይደክማትም። ያንን ስትጽፍ የማንን ድካም እያሰብክ ነበር? ስሟን ግን አንድ ቦታ አልጻፍክም። «ያለፈው» አልካት።

የአጎት ቃል አልከኝ። አዎ። ቤቱ የእኔ ነው፣ ማሳው የእኔ ነው፣ ልጆቹ የእኔ ናቸው፤ ቃሉ ያንተ ነበር። አባቷን ባማክረው «አጎቷን ጠይቂ» ብሎ አውቶቡሱን አስነሥቶ ወደ ሥራው ሄደ። ጠየቅንህ። ቃልህን ሰጠኸን። በቃልህ ተቀምጠን ጠበቅን።

ውስጥ አልተኛም። ልጄም አትተኛም።

ዩስማኒያር


ኢፖህ
ሜይ 8 ቀን 1996

ለዩስማኒያር፣

ሰላም ለቤትሽ ይሁን።

ደብዳቤሽን የከፈትኩት ምግብ ቤት ውስጥ፣ ሰው ፊት ነበር። አንብቤ ሳልጨርስ ወደ ጓሮ ወጣሁ። ለዛቤዳ አላነበብኩላትም። ምን አለች ስትለኝ «ስለ ፓስፖርት ነው» አልኳት። እስካሁን መልስ ያልጻፍኩት ስለተናደድኩ ነው። አሁንም እንደተናደድኩ ነኝ፤ ግን ዝም ካልኩ አምኗል ትያለሽ።

አንተ ብለሽ ጻፍሽልኝ። ይሁን፣ በይኝ። ግን ያላጠፋሁትን አታሸክሚኝ። እኔ ምን አውቄ? ያለፈውን ዓመት ደብዳቤ ከሣጥን አውጥቼ እንደገና አነበብኩት። ምን ይላል መሰለሽ? «ልቧ ነው፣ ትንሽ ይደክማታል፣ ሐኪሙ ዕረፍት አዟል» ነው የሚለው። ትንሽ! ልጅ ትንሽ ደከማት ተብሎ ማን ትሞታለች ብሎ ያስባል? ሐኪሙ የነገረሽን ለምን አልጻፍሽልኝም? «ቡስታሚ፣ ልጄ ልትሞት ነው፣ ድረስ» ብትዪኝ በዚያው ቀን ምግብ ቤቱን ዘግቼ አልመጣም ነበር? ጎሚስታው ላይ ቀርቶ ጎማው መሐል አነጥፍላት ነበር! ደብቀሽኝ ስታበቂ ዛሬ ገዳይ ታደርጊኛለሽ።

ዲሴምበር ላይ ያንን ክፍል የያዝኩት ለማን መሰለሽ? ለእሷ ነው። ከሞተች በኋላ ሆቴሉ ደውሎ «ትመጣላችሁ?» ሲለኝ አንመጣም ማለት አቃተኝ። «ወደ ጁን አዛውሩልኝ» አልኩ። ለምን እንዲህ እንዳልኩ እኔም አላውቅም። ጎሹም እንደዚያው ነው። እጄ ባዶ ሆኖ መቀመጥ አልቻልኩም።

ኑ፣ ወይም ቅሩ። እንደ ፈለግሽ።

ቡስታሚ


ፓያኩምቡህ
ሜይ 17 ቀን 1996

ቡስታሚ፣

ሰላም ላንተ ይሁን። ለምን አልጻፍሽልኝም አልከኝ። እሺ፣ ልንገርህ።

ያንን የአምና ደብዳቤ እንደገና አውጣው። ይህን ደግሞ ጎኑ አስቀምጥ። ያኛው ፊደሉ የተስተካከለ ነው፣ ከመስመር አይወጣም፣ ነጥቡ ሁሉ ቦታው ላይ ነው። ይህኛው እንደ ዶሮ እግር የተንጋደደ ነው። አንድ እጅ የጻፋቸው ይመስሉሃል?

አምና የላክንልህን ሁሉ የጻፈችው ዊርዳ ናት። እኔ ሩዝ እየለቀምኩ እናገራለሁ፣ እሷ ደረጃው ላይ ተቀምጣ ትጽፋለች። ፓዳንግ ከተማ ሐኪሙ ለብቻዬ ጠርቶ የነገረኝን እንዴት አድርጌ ላስጽፍልህ? «አንድ መስመር ጨምሪ ልጄ፣ ልትሞት ነው በይው» ልበላት? አስተማሪው ጋ ሄጄ ላስጽፍ ብል አስተማሪው ለሚስቱ ይነግራል፣ ሚስቱ ለሰፈር ትነግራለች፣ ዊርዳ ከጉድጓድ ውሃው ስትቀዳ ትሰማዋለች። ራሴ ልጻፍ ብዬ ሦስት ቃል ጽፌ የራሴን ፊደል ማንበብ አቃተኝ። እጄ የተፈታው ከሞተች በኋላ ነው፤ ሌላ የሚጽፍልኝ ሲጠፋ።

«ይደክማታል በይው» አልኳት። እሷ ናት «ትንሽ» የምትለውን የጨመረች።

«ትንሽ ለምን ትያለሽ? ትንሽ አይደለም» አልኳት።

«አጎቴ ይደነግጣል እማ። ደንግጦ ሐኪም ቤት እንጂ መዝናኛ አልወስድም ቢለኝስ?» አለችኝ።

ጎሚስታው ላይ ያለው ይበቃናል የሚለውንም በእጇ የጻፈችልህ እሷ ናት። እኔ ያላልኩትን አንድ ነገር ጨምራበታለች፣ ተመልሰህ እየው፤ «ጎማ ሲነፋ ማየት እወዳለሁ» ይላል።

መልስህንም ያነበበችልኝ እሷ ናት። ድምጿን እንዳንተ አወፍራ፣ ሆዷን ነፍታ፣ «የእህቴ ልጅ ጎሚስታ ላይ አትተኛም!» አለች። ኤልፊ በሳቅ ወለሉ ላይ ተንከባለለች። ከዚያ ወረቀቱን አጥፋ ደረቷ ላይ አድርጋ፣ «አየሽ እማ፣ አጎቴ አከበረኝ» አለች።

«ዲሴምበር እኮ ሩቅ ነው» አልኳት።

«ለውስጥ ሆቴል ሰው ይጠብቃል» አለችኝ።

ይኸው ነው። ደስ ብሏት ነው የጠበቀችህ። እኔን ያቃጠለኝ ይኼ ነው። ብታለቅስ ኖሮ አብሬያት አልቅሼ ይወጣልኝ ነበር። እየጠበቀች ሳለ ከደረጃው መውረድ አቃታት፣ ከዚያ ከፍራሹ መነሣት አቃታት። አሁንም ትጠብቅህ ነበር። እኔ ደግሞ አጎትሽ ተሳስቷል፣ ሰው ፈርቶ ነው እንጂ አንቺን አክብሮ አይደለም ማለት አልቻልኩም። ክብርህን ይዛ እንድትተኛ ተውኳት። ለአንተ ስል አይደለም።

አሁን የምልህን ስማ። እንመጣለን። ኤልፊ በሕይወት አለች፣ መጫወት ትፈልጋለች፤ እኔ በተናደድኩት እሷን አልቀጣም። ማዳም ጎህ ጋ ያዝልን። አንተም እዚያው ታድራለህ። ወደ ኢፖህ ተመልሰህ አይደለም፣ መኪናህ ውስጥ አይደለም፤ ከእኛ ጋር፣ ከጎሚስታው በላይ። ረንዳንጉን እኔ ይዤ እመጣለሁ፣ ስለ ድስት አትጨነቅ። ሀጂ ናስሩን የት አሳደርካቸው ብሎ ከጠየቀህ በአፍህ ንገረው።

ስሟንም ጻፈው። እኔ በዚህ እጄ ጽፌዋለሁ፣ አንተም ትችላለህ።

ዩስማኒያር


ኢፖህ
ሜይ 29 ቀን 1996

ለእህቴ ለዩስማኒያር፣

የአላህ ሰላም ከአንቺ ጋር ይሁን።

ሁለቱን ወረቀት ጎን ለጎን አስቀመጥኳቸው። ስለ ጎማው የጻፈችው አለ። አምና አላየሁትም ነበር፤ ወይም አይቼ አልፌዋለሁ።

የውስጡን ክፍል ለቀቅሁ። ማዳም ጎህ ጋ ሄድኩ። አራት አልጋ ያለው ክፍል ብቻ ነው የቀረኝ አለችኝ፤ ያዝኩት። በሩ አሁን ሰማያዊ ተቀብቷል። ለዛቤዳ ሁሉንም አነበብኩላት።

ዊርዳ። ዊርዳ። ሌላ ብዙ ልጽፍ ነበር የተቀመጥኩት፣ አልሆነልኝም።

ወደቡ ላይ እጠብቃችኋለሁ።

ቡስታሚ


ማላካ፣ ወደቡ ላይ
ጁን 30 ቀን 1996

ቡስታሚ፣

ሰላም ላንተ፣ ለዛቤዳና ለልጆችህ ይሁን። መርከቡ ዘግይቷል። አንተ አሁን ወደ ኢፖህ መንገድ ላይ ነህ። ኤልፊ ሻንጣው ላይ ተኝታለች፤ ከወንበሩ ጥግ ይህን ወረቀት ጭኔ ላይ አድርጌ እጽፋለሁ። ፊት ለፊት ቆመን ሳለ መናገር ያቃተኝን ነው። አንተም አልተናገርክም። እንደዚህ ነን።

ማዳም ጎህ ሁለተኛው ቀን ጠዋት መታጠቢያው ጋ ያዘችኝ። ድስት ይዛ ነው፣ የዋጋው ወረቀት እንኳ አልተነሣለትም። «ይኼ አዲስ ነው» አለችኝ፤ «እንቁላል ብቻ ነው የምቀቅልበት፣ አሳማ አላየም፣ አያይም። ወንድምሽ እናንተ ከመምጣታችሁ በፊት እየተመላለሰ ስለ ድስቴ ሲጠይቀኝ ከረመ። አንድ ጊዜ ደግሞ ቢመለስ በድስቱ ነበር የምለው።» አልሳቅሁም ብልህ እዋሻለሁ። ከዚያ «አራተኛው አልጋ ለማን ነው? አንሶላው አልተነካም» ስትለኝ ነገርኳት። ድስቷን ይዛ ሄደች። እንቁላሎቹን በሳህን ስታመጣ ግን አራት ነበሩ። ኤልፊ ሁለቱን በላች።

መስኮቱ ጋ ያለውን አልጋ ኤልፊ ሳትጠየቅ ተወችው። አይተሃታል። አንተም አይተህ ወንበሩን ወደ በሩ ወስደህ እዚያ ተቀመጥክ፤ እዚያው ነጋብህ። የራስህ አልጋ ነበረህ እኮ። አልነገርኩህም።

መጀመሪያ ቀን መንገዱን ስንሻገር ኤልፊ እየሮጠች ቀደመችን። እኔ ቀስ አልኩ። የዊርዳን አካሄድ ነው የሄድኩት፣ ትንሽ ሄድ ብዬ ቆም፣ ትንሽ ሄድ ብዬ ቆም። አንተም ስቆም ቆምክ፣ ስሄድ ሄድክ። መኪናዎቹ ጥሩምባ ሲነፉ እጅህን አንሥተህ አስቆምካቸው። በሩ ጋ ደረስን። ያን ያህል ነው። ዊርዳ ትችለው ነበር። አንተም አየህ፣ እኔም አየሁ፤ ከዚያ ትኬት ገዛን።

ኤልፊ ከዚያ ከሚዘቀዝቀው በቀር ሁሉም ላይ ወጣች፣ ስትጮህ እታች ድረስ ይሰማ ነበር። አንተ መንኮራኩሩ ላይ ዓይንህን ጨፍነህ ብረቱን ስትጨብጥ ሳቀችብህ። «አጎቴ፣ ወርደናል እኮ፣ ግለጥ!» ደስ ብሏታል። ይህንን አመሰግንሃለሁ። ሌላውን አላመሰግንህም።

አንድ ነገር አለ ያላየኸው። ወደ ጣሪያው አልወጣህም። ልብሳችንን አጥበን ልናሰጣ ኤልፊና እኔ ወጣን። ከታች ጎማ ይነፋል። ከዚያ ላይ መንኮራኩሩ ሙሉውን ይታያል፣ ከሥሩ እስከ ጫፉ፣ መብራቱ እየዞረ ሐይቁ ላይ ሲወርድ ጭምር። የአንተ ሆቴልም ከሐይቁ ማዶ ይታያል። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ሰዎች በረንዳቸው ላይ ተቀምጠው ወደ እኛ ይመለከታሉ።

ኤልፊ እጇን እያወዛወዘችላቸው፣ «እማ፣ ያሳዝናሉ» አለችኝ። «ያን ሁሉ ከፍለው የሚያዩት ጎሚስታ ነው።»

እኔ እርጥቡን ልብስ እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ። ከዚያ ጣሪያ ሁሉም ይታያል፣ ቡስታሚ። አምናም ይታይ ነበር። በፌብሩዋሪ ይታይ ነበር፣ በማርች ይታይ ነበር፤ ፍራሽ ጣሪያው ላይ አውጥቶ ልጅን ማስተኛት ብቻ ነበር። ማዳም ጎህ እምቢ አትልም ነበር። አንተ ደግሞ እሷን ተሸክመህ ያንን ጠባብ ደረጃ ለመውጣት ጉልበት አላነሰህም።

አሁንም ተናድጃለሁ። መዝናኛ ሄዶ የሚያልፍ ንዴት አይደለም፤ ያልፋልም አልልህም። ግን ወንድሜ ነህ፣ የልጄ አጎት ነህ፤ ንዴቴን ለጎረቤት አልሰጥም፣ ላንተው ነው።

መርከቡ ጠርቷል፣ ኤልፊን ልቀስቅስ።

ኦገስት ላይ ዓመቷ ነው። ና። ጎሽ አትላክ፣ ጎሽ አትንዳ፣ ለሀጂ ናስሩንም አታስነግር። ባዶ እጅህን ና፣ ዊርዳ ትጽፍበት የነበረው ደረጃ ላይ ተቀመጥ። እኔ ሩዝ እለቅማለሁ።

እህትህ ዩስማኒያር፣
የዊርዳና የኤልፊ እናት